ያልተቆጠረው አልጋ

በጅማ መንገድ ሰኮሩ ላይ የመሸበት የቡና መኪና ሾፌር ከእራቱ በፊት የሚጠይቀው «አልጋ አለ?» ብሎ ነው። የመርከብ መኮንን ለመሆን የሚያስብ የጅማ ልጅም ሊጠይቅ የሚገባው ይህንኑ ነው፤ ግን ማንም አላስተማረውም።

የባሕር በር ጉዳይ በየቤቱ መነጋገሪያ ከሆነ ወዲህ «መርከበኞችን አሠልጥነን ለዓለም ገበያ እናቅርብ» የሚለውም አብሮ ይሰማል። ከጅማ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በመካኒካል ወይም በኤሌክትሪካል ምሕንድስና ያስመረቀ ቤተሰብ ወሬውን ጆሮውን ጥሎ ነው የሚሰማው። ልጁን ይላክ ወይስ ይተው?

ወሬው መሠረት አለው። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው የኢትዮጵያ ማሪታይም ማሠልጠኛ ኢንስቲትዩት ከ2003 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የምሕንድስና ምሩቃንን ተቀብሎ የመርከብ መሐንዲስና የኤሌክትሮቴክኒክ መኮንን እንዲሆኑ ያሠለጥናል። ቢሾፍቱ ላይም የባቦጋያ አካዳሚ አለ። የዓለም የመርከብ ባለቤቶች ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ግምት ደግሞ እስከ 2026 ድረስ 89,510 ተጨማሪ መኮንኖች ያስፈልጉ ነበር።

ታዲያ የሚያግደን ምንድን ነው? ብዙ ሰው ቶሎ የሚመልሰው «ወደብ የለንማ» ብሎ ነው። ሰኮሩ ከጅቡቲ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ስለምትርቅ ነገሩ እውነት ይመስላል። ይሁን እንጂ የሞተር ክፍል የሚፈልገው የባሕር ዳርቻ ልጅ ሳይሆን ማሽን የሚያውቅ ሰው ነው። ከሰኮሩ ብዙ በማይርቀው የግልገል ጊቤ አንድ ማመንጫ ጄኔሬተር መጠበቅ የቻለ ወጣት፣ በራሷ ጄኔሬተሮች የምትሠራ መርከብ ላይም ሥራው አይጠፋውም። የተማሩ ሰዎች ደግሞ ሥርዓተ ትምህርቱ ይዘምን፣ ሲሙሌተር ይገዛ ይላሉ። ልክ ናቸው፤ መርከቦች ወደ ሜታኖልና አሞኒያ ነዳጅ እየዞሩ ባሉበት ዘመን የትናንቱን ሞተር ብቻ ማስተማር አይበቃም።

እኔ ግን ከሁሉም በላይ ተዘንግቷል የምለው አልጋው ነው፤ ተለማማጁ፣ በመርከበኞች ቋንቋ ካዴቱ፣ መርከብ ላይ የሚያድርበት አልጋ።

እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣውና በ2010 ማኒላ ላይ የተሻሻለው ዓለም አቀፍ የመርከበኞች ሥልጠና ስምምነት፣ የመርከብ መሪ መኮንን ለመሆን በጸደቀ ሥልጠና ውስጥ ላለፈ ሰው ቢያንስ 12 ወር የባሕር አገልግሎት ይጠይቃል። ለሞተር መሐንዲስ የወርክሾፕ ልምምድና የባሕር አገልግሎት ተደምሮ 12 ወር ሲሆን፣ ቢያንስ 6 ወር በሞተር ክፍል ተራ ጥበቃ ላይ በኃላፊ ሥር መሥራት አለበት። ካዴቱ አንድ የልምምድ መዝገብ ይይዛል። በየገጹ ሥራዎች ተዘርዝረዋል፦ የነዳጅ ማጣሪያ ፈትቶ ማጽዳት፣ ጄኔሬተር አስነስቶ ከሌላው ጋር ማገናኘት፣ ሙቀትና ግፊት መመዝገብ። ከጎናቸው ባዶ ቦታ አለ። እዚያ ላይ ቀን ጽፎ የሚፈርመው መርከቧ ላይ ያለው መኮንን ነው። ዲግሪ ያን ገጽ አይሞላውም፤ ሲሙሌተርም ብቻውን አይሞላውም።

አሁን እንቁጠር። የኢትዮጵያ የንግድ መርከቦች ከደርዘን ያነሱ ናቸው። አሥር መርከቦች እያንዳንዳቸው ሦስት ካዴት ቢይዙ በአንድ ጊዜ 30 ሰው ነው። ከዚያ የተረፈው ሁሉ የውጭ ኩባንያ በር ላይ ይቆማል። ይህን ቁጥር ሳያዩ የመቀበያ ኮታ ማስፋት ወረፋውን ከማርዘም አያልፍም። ለዓለም ብዙ መርከበኛ በማቅረብ ግንባር ቀደም ከሆኑት አንዷ በሆነችው ፊሊፒንስ እንኳ ተመራቂዎች መርከብ ላይ ቦታ ለማግኘት ሲሉ በማኒላ ቀጣሪ ድርጅቶች ቢሮ ውስጥ ያለ ደሞዝ ሲላላኩ ወራት ይቆያሉ። እዚህ ደግሞ ጉዳቱ ቤት ድረስ ይመጣል፤ ቡናውን ሸጦ ያስተማረ አባት፣ ልጁ ሠልጥኖ መጥቶ ስልክ ሲጠብቅ ያያል። የሞተር እውቀት ደግሞ እጅ ካልነካው ይዝጋል።

መፍትሔው ከንግዳችን ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ቡናችን ላይ ብዙ የመደራደር አቅም የለንም፤ በአብዛኛው ጅቡቲ ላይ ተረክቦ መርከቡን የሚመርጠው ገዢው ነው። ማዳበሪያና ሌላው ገቢ ዕቃ ሲመጣ ግን የመርከብ ኪራዩን የምንከፍለው እኛ ነን። «ጭነታችንን የሚወስድ መርከብ ሁለት ኢትዮጵያውያን ካዴቶች ይያዝ» የሚል አንቀጽ በኪራይ ውሉ ውስጥ ቢገባ፣ በውድ ከሚገዛ ሲሙሌተር ይልቅ ብዙ መኮንን ያወጣል ብዬ አምናለሁ። ማሠልጠኛዎቹም ተማሪ የሚቀበሉት በወንበር ቁጥር ሳይሆን በተረጋገጠ አልጋ ቁጥር ይሁን።

እስከዚያው ልጃችሁን ለመላክ የምታስቡ ወላጆች፣ ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ነገር በጽሑፍ ጠይቁ፦ ከክፍል ሲወጣ የሚሳፈርበት መርከብ የማን ነው? መቼስ ይሳፈራል? መልሱ በወረቀት ካልመጣ፣ አልጋ የለም ማለት ነው።