የሕፃኑ ጭንቅላት ፈጥኖ ሲያድግ

ቤታችን ውስጥ ሕፃን የሚያጥቡት ብዙ ጊዜ አያት ናቸው። የጭንቅላቱን ከልክ በላይ ማደግ፣ የእርግብግቢቱን ማበጥ፣ የዓይኑን ወደ ታች መተከል ቀድመው የሚያዩትም እርሳቸው ናቸው። እነዚህ ምልክቶች ሃይድሮሴፋለስ የተባለው፣ ፈሳሽ በአንጎል ውስጥ የሚጠራቀምበት ሕመም ሊሆኑ ይችላሉ። ሳይዘገይ ጤና ጣቢያ ወይም ቦንጋ ገብረጻዲቅ ሻዎ ሆስፒታል ወስዳችሁ ጭንቅላቱን በሜትር አስለኩ። ጸሎቱም ጠበሉም ከሕክምናው ጋር ይሁን እንጂ አያዘግየው፤ የተጠራቀመው ፈሳሽ አንጎልን ይጎዳል።

ቀዶ ሕክምናው ሁለት ዓይነት ነው፦ ፈሳሹን ወደ ሆድ የሚያወርድ ቀጭን ቱቦ መቅበር፣ ወይም በኢንዶስኮፕ አንጎል ውስጥ መተላለፊያ መክፈት። ኡጋንዳ፣ ምባሌ ላይ በ100 ሕፃናት ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ከአንድ ዓመት በኋላ በአእምሮ እድገታቸው ጉልህ ልዩነት አላገኘም።

ለቦንጋ ወላጅ ዋናው ጭንቀት ርቀቱ ነው። ቱቦው ሊዘጋ ወይም ሊመረቅዝ፣ መተላለፊያውም ሊደፈን ይችላል፤ አዲስ አበባ ደግሞ 450 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ስለዚህ ከሆስፒታል ሳትወጡ ጠይቁ፦ የትኛው ተሠራለት? ቀጠሮው መቼ ነው? ደጋግሞ ቢያስታውክ፣ እንቅልፍ ቢያበዛ፣ ቢያተኩሰው፣ እርግብግቢቱ መልሶ ቢያብጥ ወዴት እንሂድ? መልሱን በወረቀት አጽፉ። ወረቀቱንም ለአያት አሳዩ፤ ለውጡን ቀድመው የሚያዩት እርሳቸው ናቸውና።