ከጌጡ በፊት ፍሬኑ

ሐዋሳ ሜዳ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከታቦር ተራራ በቀር መንገዱ ለጥ ያለ ነውና፣ አንድ መኪና ፍሬኑ ቢደክም እንኳ ቶሎ አይታወቅበትም። ከከተማው ወጥተን ወደ ሀገረ ሰላም ስንጓዝ ግን ነገሩ ይለወጣል። መንገዱ ወደ ደጋው ይወጣል፤ የወጣም መውረዱ አይቀርም። የፍሬኑ ድካም የሚታየው ያን ጊዜ ነው።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ በእጃችን ያለውን አሮጌ መኪና ጠግኖ መያዝ ይበልጥ ያስፈልጋል። ሞተራቸው አራቱንም ጎማ የሚያሽከረክረው እንደ ላንድሮቨርና ላንድ ክሩዘር ያሉት መኪኖች ጠንካሮች ናቸው። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለ መኪና የገዛ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ትልልቅ ጎማና ስለ ፖርቶ መጋላ ነው።

እኛም ሦስት ሆነን አንድ አሮጌ ላንድ ክሩዘር በገዛን ጊዜ እንዲሁ አስበን ነበር። መካኒኩ ግን ጎማውን ፈትቶ አሳየን። የፍሬኑ ሸራ ተበልቶ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል። «ልጆቼ፣ መሄዱንማ ይሄዳል፤ መቆሙን ጠይቁ» አለን። ለጎማ ያጠራቀምነውን ገንዘብ ለፍሬኑ አዋልነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ጎማው ትልቅ በሆነ ቁጥር ለማቆም የሚያስፈልገው የፍሬን ኃይል ይጨምራል። መኪናው ከፍ ሲደረግ ወይም ጣሪያው ላይ ዕቃ ሲጫን፣ ክብደቱ ወደ ላይ ስለሚሄድ ጠመዝማዛ ላይ መገልበጥ ይቀለዋል። የፍሬን ዘይትም ሲቆይ ከአየር እርጥበት ይስባል። በረጅም ቁልቁለት ፍሬኑ ሲግል ያ እርጥበት ይፈላል፤ ፔዳሉም ሲረገጥ ባዶ ይሆናል።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉን እንያዝ፦

1ኛ/ ፍሬን፦ ሸራው፣ ቱቦውና ዘይቱ ይታይ።
2ኛ/ መሪ፦ ቴስቲኒው ከላላ ይለወጥ።
3ኛ/ ጎማ፦ ጥርሱ ያለቀ ወይም ጎኑ የተሰነጠቀ አይነዳበት።
4ኛ/ ባሌስትራና አሞርዛተር ይፈተሽ።
5ኛ/ መብራት፣ የዝናብ መጥረጊያና የደኅንነት ቀበቶ ይሟላ።

ከዚህ የተረፈ ገንዘብ ካለ ለጌጡ ይሁን።

ቁልቁለት ስንወርድም ማርሽ ቀንሰን ሞተሩ እንዲይዝልን እናድርግ እንጂ በፍሬኑ ብቻ አንመካ። ከኋላችን የተቀመጡት እናቶቻችንና ልጆቻችን ናቸው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው።