ያልተጻፈው ታሪፍ፦ ከማንኪራ እስከ ቦንጋ መናኸሪያ

«አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ የቀረው!»

በዚህች ጥሪ ያልተሸወደ ተሳፋሪ በአገራችን ይኖራል ብሎ መገመት ያስቸግራል። አንድ ሰው ብቻ ቀረው የተባለው ሚኒባስ ውስጥ ገብተው፣ ተመቻችተው ሲቀመጡ ከአጠገብዎ ያለው «ተሳፋሪ» ሹልክ ብሎ ይወርዳል። ለካስ የረዳቱ ባልንጀራ ኖሯል! ጥቂት ቆይቶ ከኋላ ያለውም ይወርዳል። በመጨረሻ መኪናው ውስጥ የሚቀሩት እርስዎ፣ ዶሮ የታቀፉ አንዲት እናት እና በመስታወቱ ላይ በትልቁ የተለጠፈው «ኤክስፕረስ» የሚለው ቃል ናቸው።

ይህ በዚህ ጸሐፊ ላይ የደረሰው ቦንጋ ላይ ነው። ጉዞው ወደ ማንኪራ ነበር።

ማንኪራ በከፋ ዞን ዴቻ ወረዳ ውስጥ የምትገኝ፣ «የቡና እናት ዛፍ» አለባት እየተባለ ስሟ የሚነሳ የደን መንደር ናት። የቡና መገኛ እርሷ ናት ወይስ በጅማ በኩል ያለችው ጮጬ የሚለውን የቆየ ክርክር ለባለቤቶቹ እንተወው። ለነጋዴ ዋናው ጥያቄ ቡናው ከየት ተገኘ ሳይሆን ከተገኘበት ስፍራ እንዴት ይወጣል የሚለው ነው። የከፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ቦንጋ ብሔራዊ የቡና ሙዚየም ተሠርቶላታል፤ በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረትም ከክልሉ መቀመጫዎች አንዷ ሆናለች። የአካባቢው ስም እንዲህ ሲገዝፍ ወደ ገጠሩ የሚወስደው መኪና ግን ልማዱን አልቀየረም። ሲሞላ ይነሳል፤ ካልሞላ አይነሳም።

የአዲስ አበባ አንባቢያችን «ይህ ምን ይገርማል? እኛስ ብንሆን!» ማለቱ አይቀርም። እውነቱን ነው። አንበሳ አውቶቡስ ሥራ ከጀመረበት ከ1930ዎቹ ዓ.ም. አንስቶ ከተሜው ሰልፍን ጠንቅቆ ያውቃል። ሞልቶ ሳይቆም የሚያልፈውን አውቶቡስ፣ ሁለት ተከታትለው መጥተው ከዚያ በኋላ የውሃ ሽታ የሚሆኑትን፣ በር ላይ ተንጠልጥሎ የሚሄደውን ሰው በየዕለቱ ያያል። ይሁን እንጂ በከተማ አውቶቡሱ ቢያመልጥ ሚኒባስ አለ፤ ሚኒባሱ ቢጠፋ ራይድ ይጠራል፤ ራይዱ ቢወደድ በእግር ይኬዳል። የከተሜው ኪሳራ የሥራ ሰዓትና የአለቃ ቁጣ ነው። የማንኪራው ሰው የሚሳፈረው ግን ገበያውን ተሸክሞ ነው። መኪናው ሲዘገይበት የሚሸጠው ዕቃ ዋጋ አብሮ ይወርዳል።

የመጨረሻው መኪና ዋጋ

እንዴት እንደሚወርድ እንመልከት። አንድ ገበሬ አንድ ጀሪካን ማር፣ ትንሽ ኮረሪማና ጥምዝ፣ ምናልባትም ግማሽ ኩንታል ጀንፈል ይዞ ከጠዋቱ 1 ሰዓት መንገድ ዳር ወጣ እንበል። መኪናው ሞልቶ ሲነሳ 3 ሰዓት ተኩል ሆኗል። መንገዱ ዝናብ ካገኘው ጭቃው ሌላ ሰዓት ይበላል፤ ከፋ ደግሞ ዝናቡን የማይቆጥብ አገር ነው። ቦንጋ ሲደርሱ ከፖርቶመጋላው ላይ ዕቃ ማውረድ፣ ተሸካሚ መፈለግ፣ ገዢ ማፈላለግ አለ። ይህ ሁሉ ሲሆን እኩለ ቀን ያልፋል።

ገዢው ሱቁ በር ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። አይከራከርም፣ አይቆጣም፣ አይቸኩልም። የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፦ ወደ ማንኪራ አቅጣጫ የሚመለሰው የመጨረሻ መኪና አመሻሽ ላይ ይነሳል። ከ9 ሰዓት በኋላ ሻጩ ከገዢው ፊት ይልቅ ወደ መናኸሪያው በኩል አብዝቶ መመልከት ይጀምራል። ካመለጠው አልጋ መከራየት፣ እራት መብላት፣ ዕቃውን አደራ ማስቀመጥ ሊኖርበት ነው። ቤቱ ያሉት ከብቶችም ጠባቂ ይፈልጋሉ። ስለዚህ የአልጋውንና የእራቱን ያህል ዋጋ ቢቀንስ አይጎዳም፤ በእርሱ ስሌት እንዲያውም አተረፈ። ገዢው ይህን የቅናሽ መጠን ከሻጩ በፊት አስልቶ ጨርሶታል። ደላላ አንባቢዎቻችን ይህን ጨዋታ አናውቀውም ብለው አይዋሹን!

ሞባይል ሲመጣ ይህ ነገር ያበቃለታል ተብሎ ነበር። ዛሬ የማንኪራ ሰው የቦንጋንም የአዲስ አበባንም ዋጋ በስልክ ይሰማል። ዋጋውን መስማት ግን አንድ ነገር ነው፤ እዚያ ዋጋ ድረስ የሚያደርስ መኪና ማግኘት ሌላ።

በእሸት ቡና ጊዜ ደግሞ ጉዳዩ ይከራል። ለታጠበ ቡና የሚሆነው ቀይ እሸት ከተለቀመ በኋላ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ መፈልፈል አለበት። ከዚያ ካለፈ በጆንያው ውስጥ እየሞቀ መብላላት ይጀምራል፣ ጣዕሙም ይኮመጥጣል። ይህን የሚሰውር ቀማሽ ቤተ ሙከራ ውስጥ የለም። በመሆኑም ሰብሳቢው ከደን ዳር ሲገዛ መኪናው ሊዘገይ የሚችልበትን አደጋ አስቀድሞ ከዋጋው ላይ ይቀንሳል። መኪናው በሰዓቱ ከመጣ ትርፉ የእርሱ ነው፤ ካልመጣም ኪሳራውን ገበሬው ቀድሞ ከፍሎታል። ብዙው የአካባቢው ቡና በጀንፈል መልክ ደርቆ መሸጡ በልማድ ብቻ የሚመስለው ካለ ይህንንም ያስብበት። የደረቀ ቡና መኪና መጠበቅ ይችላል። እሸት አይችልም።

ወረቀትና እርሳስ

በመናኸሪያ የሚለጠፈው ታሪፍ በርቀትና በመኪናው ደረጃ የተሰላ ነው። የጥበቃው ዋጋ አልተጻፈበትም። እስቲ እኛ እናስላው።

12 ሰው የሚይዝ ሚኒባስ ተራ ይዞ ቆሟል እንበል፤ በየ10 ደቂቃው አንድ ተሳፋሪ ይመጣል። የመጀመሪያው ሰው ከገባ በኋላ የመጨረሻው እስኪገባ 110 ደቂቃ ይፈጃል። የ12ቱም ሰዎች ጥበቃ ሲደመር 660 ደቂቃ፣ ማለትም 11 ሰዓት ይመጣል። አንድ የቀን ሠራተኛ ከጠዋት እስከ ማታ ከሚሠራው ይበልጣል። መኪናው ስምንተኛው ሰው እንደገባ ቢነሳ ኖሮ ድምሩ 280 ደቂቃ፣ ወይም 4 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ብቻ ይሆን ነበር። አራቱን የመጨረሻ ወንበሮች ለመሙላት እንግዲህ 6 ሰዓት ከ20 ደቂቃ የሰው ጊዜ ተቃጥሏል ማለት ነው። ባዶ ወንበር የባለመኪናው ኪሳራ ነው፤ ጥበቃ የተሳፋሪው። ባለመኪናው የራሱን ኪሳራ ወደ ተሳፋሪው የሚያዞረው ሞተሩን አጥፍቶ በመቆም ብቻ ነው።

ሌላም ስሌት አለ። ስምንቱ ሰዎች እያንዳንዳቸው አንድ ተኩል ታሪፍ ቢከፍሉ የ12ቱ ሰው ገቢ ይሞላል። ይህ የእኛ ፈጠራ አይደለም። የቸኮለ ተሳፋሪ በየመናኸሪያው «የቀረውን ሰው አዋጥተን እንሂድ» ሲል ይደመጣል። የጊዜ ገበያ ማለት ይህ ነው! ዋጋው እዚያው ሚኒባስ ውስጥ፣ ያለ ደረሰኝና ያለ ተቆጣጣሪ ይቆረጣል። ሕጋዊው ታሪፍ ግን ይህን አያውቀውም፤ ተቆጣጣሪ ቢደርስ ሾፌሩ ከታሪፍ በላይ አስከፍሏል ተብሎ ይቀጣል።

በሾፌሩም እንዳንፈርድ። ታሪፉን የሚወስነው እርሱ አይደለም። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ ሲነሳ የሕዝብ ማመላለሻዎች በታለመ ድጎማ እንዲታቀፉ ተደርጓል፤ ይሁንና ነዳጅ ከማደያ ጠፍቶ በጀሪካን ሲሸጥ ድጎማው አብሮ አይሸጥም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ጎማና መለዋወጫ የት እንደደረሱ ጎማ የለወጠ ሁሉ ያውቃል። የጠጠርና የአፈር መንገድ ባሌስትራ ይሰብራል። ከዚህ ሁሉ በላይ በገበያ ቀን ጠዋት ሰው ሁሉ የሚጓዘው ወደ ከተማ ነው። ሾፌሩ ወደ ገጠር የሚመለሰው ባዶውን ሊሆን ይችላል፤ ሳይሞላ አልነሳም ሲል የመመለሻውንም እያሰበ ነው። ትርፍ ሰው የሚጭነውም ለዚሁ ነው። ትራፊክ ፖሊስ ሲታይ «ጎንበስ በሉ» ይባላል፤ አንድ ሽማግሌ በዚያ ዕድሜያቸው በጉልበታቸው መሐል ሲደበቁ ማየት ግን ያሳፍራል።

በዚህ መሐል እውነተኛው ኤክስፕረስ ሞተር ሳይክል ሆኗል። ሞተረኛ ማንንም አይጠብቅም፣ በጭቃው መሐል ሾልኮ ያልፋል፣ ሲጠሩት ይመጣል። ዋጋው ግን ከመኪናው ይበልጣል። በዝናብ ቀን ደግሞ ከኋላው ጆንያ ታቅፎ የተቀመጠ ሰው ጸሎቱን የሚጨርሰው ቦንጋ ሲደርስ ነው።

ሰዓት የሚሸጥ

ከቦንጋ ወዲያ ያለው መንገድ የተሻለ ነው። ጎጀብን ተሻግሮ፣ በሸቤ አድርጎ ጅማ፣ ከዚያም በግቤ በረሃና በወልቂጤ አዲስ አበባ፤ በጠቅላላው ወደ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በቀደመው ጊዜ ጅማ ማደር ግድ ነበር። የቡና አቅራቢዎችም ናሙናቸውን በላስቲክ ቋጥረው፣ የተቀባዩን ስልክ ጽፈውበት በሾፌር እጅ የሚልኩት በዚሁ መስመር ነው። ከምርት ገበያው ሌላ በቀጥታ ትስስር መሸጥ ከተፈቀደ ወዲህ ደግሞ ናሙና ቀድሞ የደረሰለት ሰው ውል ቀድሞ ይነጋገራል። አዲስ አበባ ያለ ላኪ ሦስት ናሙና ቀምሶ ከወሰነ በኋላ የሚደርስ አራተኛ ናሙና የቢሮ ቡና ከመሆን አያልፍም።

በረጅሙ መስመር ላይ «ሰዓት» ሊሸጥ እንደሚችል ከታወቀ ቆይቷል። ሰላም ባስ በ1980ዎቹ መጨረሻ ሲመጣ፣ በኋላም ስካይ ባስና ሌሎች ሲከተሉ፣ ተሳፋሪው ቁጥር ላለው ወንበርና በሰዓቱ ለሚነሳ አውቶቡስ ከመደበኛው ታሪፍ በላይ ከፍሏል፤ በደስታ ከፍሏል። በሩዋንዳ ይኸው ልማድ ወደ አጭሩ መስመር ወርዷል። ከኪጋሊ ወደ ሙሳንዜ ወይም ወደ ሁዬ የሚሄድ ሰው የመነሻ ሰዓት የተጻፈበት ትኬት ይቆርጣል፤ ሰዓቱ ሲደርስ መኪናው ቢሞላም ባይሞላም ይነሳል። ሩዋንዳም እንደኛው ቡና ላኪ አገር ናት፤ ኮረብታዋም አይተናነስም።

ታዲያ ለማንኪራ መስመር ይህን ማን ይጀምረዋል? ጠዋት አንድ፣ ከሰዓት በኋላ አንድ፤ ሁለት በሰዓት የሚነሱ መኪናዎች ይበቃሉ። ታሪፉ አንድ ተኩል ይሁን፤ ግን ይጻፍ፣ ደረሰኝም ይቆረጥለት። በአካባቢው የእሸት ማጠቢያ ያላቸው ባለሀብቶችና የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ለቡናቸው አይሱዙ መመደብ ያውቁበታል። ለቡናው የተመደበው ሰዓት ለባለቡናው የማይመደብበት ምክንያት አይታየንም። ፈቃድ ሰጪውም ክፍል ቢሆን ሳይሞላ የሚነሳ መኪና የተለየ ታሪፍ እንዲኖረው መፍቀድ የሚከብደው አይመስለንም። ገበሬው የመመለሻውን ሰዓት አስቀድሞ ካወቀ ከ9 ሰዓት በኋላ ወደ መናኸሪያ መመልከቱን ትቶ ገዢውን ፊት ለፊት ያየዋል። ይህ የማይጥማቸው ገዢዎች መኖራቸው አይቀርም።

ይህ ጸሐፊ ከማንኪራ ሲመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ስምንት ነበርን። ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆየን በኋላ ከፊት የተቀመጡ አዛውንት ሂሳቡን ጀመሩት። እያንዳንዳችን ግማሽ ግማሽ ጨመርን፤ ረዳቱ ብሩን ሁለት ጊዜ ቆጥሮ «ጋሼ፣ ተነስተናል» አላቸው። እውነትም ተነሳን። ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄድን ጆንያ የያዙ ሦስት ሰዎች መንገድ ዳር እጃቸውን ዘረጉ። መኪናው ቆመ።

«ይኼ ወንበር እኮ የኛ ነው፤ ገዝተነዋል!» አሉ አዛውንቱ።

ረዳቱ በሩን ከፍቶ፣ ለሦስቱ ሰዎች ሙሉ ታሪፍ ከነገረ በኋላ ወደ እኛ ዞረ።

«ጋሼ፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉ።»