ከድለላ ወደ ዋስትና፦ በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የሥራና ሠራተኛ አገናኝ ድርጅት እንዴት ያድጋል?

(ለሕዝብ ከቀረበ ንግግር የተገለበጠ ጽሑፍ)



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ አጭር ነው። ሠራተኛንና አሠሪን የሚያገናኝ ድርጅት ለደንበኛው የሚሸጠው ምንድን ነው? ብዙ ባለቤቶች «ሰው እናቀርባለን» ሲሉ ይሰማል። ይሁን እንጂ ሰው አይሸጥም፤ የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1944 በፊላዴልፊያ ባወጣው መግለጫ ሥራ ሸቀጥ እንዳልሆነ መርሕ አድርጎ ደንግጓል። ሌሎች «መረጃ እንሰጣለን» ይላሉ። መረጃ ግን ዛሬ በሪፖርተር ጋዜጣ፣ በኢትዮጆብስ፣ በቴሌግራም ቻናሎችና በየሕንፃው ሥር ባለው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በነጻ ወይም በጥቂት ገንዘብ ይገኛል። የእኔ መልስ ከሁለቱም ይለያል። ይህ ድርጅት የሚሸጠው ዋስትና ነው። ማደግ የሚችለውም ይህንኑ ሲረዳ ነው።

በባህላችን ደላላና ዋስ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ደላላ ገዢና ሻጭ እስኪጨባበጡ ይደክማል፤ ከተጨባበጡ በኋላ ኮሚሽኑን ተቀብሎ ይሄዳል። የዋስ ኃላፊነት ግን የሚጀምረው ከተጨባበጡ በኋላ ነው። ለገንዘብ ያዥነት፣ ለንብረት ክፍል፣ ለጥበቃ ሥራ የሚቀጠር ሰው ዋስ እንዲያቀርብ የሚጠየቀው ለዚህ ነው። ከገጠር ወረዳ ወደ አዳማ የመጣች፣ በከተማው ደመወዝተኛ ዘመድ የሌላት ወጣት ደግሞ ችሎታ ሳያንሳት ዋስ በማጣት ብቻ ሥራው ያመልጣታል። ያለ ምትክ የሚሰናበተው ሠራተኛም፣ ባዶ የሚቀረው የሥራ መደብም፣ ዋስ ያጣችው ወጣትም የአንድ ክፍተት ሦስት ገጽታዎች ናቸው። አገናኝ ድርጅት የሚያስፈልገው በዚህ ክፍተት ላይ ነው።

በቅድሚያ ገበያውን እንመልከት። አዳማ በአዲስ አበባ፣ በጅቡቲ፣ በአርሲ፣ በባሌና በሐረር መንገዶች መገናኛ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ሆቴሎቿና የስብሰባ አዳራሾቿ አስተናጋጅ፣ የምግብ ባለሙያና የጽዳት ሠራተኛ ይፈልጋሉ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የተመረቀው የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ የስፌት ሠራተኛ ይፈልጋል። ሞጆ ደረቅ ወደቧ ስላለ ጫኝና አውራጅ፣ ሾፌርና የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ ትፈልጋለች። የቢሾፍቱ ሪዞርቶች፣ የባቱ የአበባ እርሻዎች፣ የመቂ የአትክልት ማሳዎች፣ የሻሸመኔ ንግድ ቤቶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ወቅትና የየራሳቸው የሰው ፍላጎት አላቸው።

ሠራተኛን ከሩቅ ማምጣት ለአካባቢው አዲስ ነገር አይደለም። የኔዘርላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ ያቋቋመው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የአገዳው ሥራ ከከምባታና ከሐዲያ ጭምር በመጡ ሠራተኞች ጉልበት የተከናወነ ነበር። በእርሻው ውስጥ የሠራተኛ መንደሮች መሠራታቸውም አለምክንያት አልነበረም። ከሩቅ የመጣ ሰው ማደሪያ ካላገኘ ይመለሳል። ከስልሳ ዓመታት በኋላ በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክም ከዋና ዋና ፈተናዎቹ መካከል የሠራተኛ ፍልሰትና የመኖሪያ ቤት እጥረት እንደነበሩ ይታወቃል።

ይህን በቁጥር የሚያሳይ ጥናት አለ። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን በኢትዮጵያ አምስት ድርጅቶች፣ ማለትም በፋብሪካዎችና በእርሻዎች፣ ሥራ ያመለከቱ ሰዎችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱን አሳተሙ። ሥራው ከተሰጣቸው ሰዎች ሲሶ የሚሆኑት በመጀመሪያው ወር ለቀዋል፤ ዓመቱ ሳይሞላ የለቀቁት ደግሞ 77 በመቶ ናቸው። ይህን ወደ እናንተ ቢሮ እናምጣው። ለአንድ ፋብሪካ 30 ሠራተኞች አቀረባችሁ እንበል። በዚህ ስሌት በወሩ መጨረሻ 20 ይቀራሉ፤ በዓመቱ መጨረሻ 7። አሠሪው የከፈላችሁ ለ30 ሰው ነው፤ በእጁ የቀረው ግን 7 ነው። ሁለተኛ ሊደውልላችሁ የሚችልበት ምክንያት ምንድን ነው?

እንግዲህ አሠሪው የሚገዛው የሠራተኛውን መምጣት ሳይሆን መቆየቱን ነው። አብዛኛው የኤጀንሲ ማስታወቂያ ስለ መምጣት ይናገራል፤ «በ24 ሰዓት ውስጥ እናቀርባለን» ይላል። ስለ መቆየት የሚናገር ኤጀንሲ ግን ተፎካካሪው ያልደረሰበትን ገበያ ያገኛል።

መቆየትን እንዴት ማረጋገጥ ይቻላል? ሦስት ነገሮችን አነሣለሁ።

አንደኛው የክፍያ ጉዳይ ነው። የዓለም ሕግ ይህን ንግድ ለረጅም ዘመን በጥርጣሬ ተመልክቶታል። እ.ኤ.አ. የ1933ቱ ስምምነት ለትርፍ የቆሙ አስከፋይ ኤጀንሲዎች ጨርሶ እንዲጠፉ ያለመ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣውና ኢትዮጵያም በ1999 ያጸደቀችው ስምምነት ቁጥር 181 ለግል ኤጀንሲዎች እውቅና ሲሰጥ በመርሕ ደረጃ አንድ ነገር አጥብቆ ጠየቀ፤ ኤጀንሲው ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ እንዳይቀበል። ብዙዎች ይህን እንደ ሞራል ግዴታ ብቻ ያዩታል። እኔ ግን የገበያ ብልሃት ነው እላለሁ። በአዲስ አበባ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ የአበበ፣ የካሪያና የኦርቲዝ-ኦስፒና ጥናት አንድ አሠሪ ለአመልካቾች አነስተኛ ገንዘብ ሲሰጥ የተሻለ ችሎታ ያላቸው ሰዎች እንደሚያመለክቱ አሳይቷል። ምክንያቱም ማመልከት በራሱ፣ ማለትም ትራንስፖርቱ፣ ፎቶ ኮፒውና የሚባክነው ቀን፣ ለሥራ ፈላጊው ከባድ ወጪ ነው፤ ይህ ወጪም ይበልጥ የሚከብደው ጎበዞቹ ላይ ሆኖ ተገኝቷል። ይህን ገልብጣችሁ አስቡት። «የመመዝገቢያ» እየተባለ ከአመልካች የሚሰበሰብ ገንዘብ ማን ያስቀራል? አሠሪው አጥብቆ የሚፈልገውን ሰው ያስቀራል። ከመዝገቡ የሚገኘው ጥቂት ብር ዋናውን ሀብት ያሟጥጣል።

ሁለተኛው እውነት መናገር ነው። ሠራተኛ በመጀመሪያው ወር የሚለቅበት አንዱ ምክንያት የተነገረውና ያገኘው አለመገጣጠማቸው ነው። ስለዚህ ከመላካችሁ በፊት አምስት ነገሮች በጽሑፍ ይሰጡት፦ ግብርና ጡረታ ተቀንሶ እጁ ላይ የሚደርሰው ደመወዝ፣ የፈረቃው ሰዓት፣ የትራንስፖርትና የምግብ ሁኔታ፣ የቤት ኪራይ ግምት፣ የሥራው አካላዊ ክብደት። ጽሑፉ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ይሁን፤ ከአርሲ ገጠር ለመጣች ወጣት በደንብ ባልገባት ቋንቋ የተፈረመ ውል ውል አይባልም። እውነቱን ሰምተው የሚቀሩ ይኖራሉ። ቢሮአችሁ ላይ የቀረ ሰው አያከስራችሁም፤ ፋብሪካው ደርሶ የተመለሰ ግን ስማችሁን ይዞ ይመለሳል።

ሦስተኛው ችሎታን መመዘንና መመስከር ነው። በአዲስ አበባ ወጣት ሥራ ፈላጊዎች ላይ ሁለት ድጋፎች ተሞክረው ነበር። ለአንደኛው ቡድን የትራንስፖርት ገንዘብ ተሰጠ። ሁለተኛው ቡድን ችሎታው ተመዝኖ የምስክር ወረቀት ያገኘበትና ስለ ማመልከቻ አጻጻፍ የሠለጠነበት ዐውደ ጥናት ተካፈለ። በአጭር ጊዜ ሁለቱም ጠቅመዋል። ከአራት ዓመት በኋላ ሲታይ ግን የትራንስፖርቱ ውጤት ጠፍቷል፤ ዐውደ ጥናቱን የተካፈሉት በገቢም፣ በሥራ ላይ በቆዩበት ጊዜም በልጠው ተገኝተዋል። ምዘናና ምስክርነት ማለት በሌላ አነጋገር ዋስትና ነው። በከተማ ዋስ የሌላት ወጣት ዋሷ የተፈተነ ችሎታዋና የመሰከረላት ድርጅት ይሆናል።

ይህ ሁሉ በውል ላይ ካልሰፈረ ግን ምኞት ሆኖ ይቀራል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። ይህ ለአገናኝ ድርጅት ዝግጁ መለኪያ ነው። ክፍያችሁን በሁለት ክፈሉት፦ ግማሹ ሠራተኛው ሥራ ሲጀምር፣ ግማሹ ሙከራውን ሲያልፍ ይከፈል። በዚህ ጊዜ ውስጥ የለቀቀን ሠራተኛ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ለመተካት ቃል ግቡ። በሰባተኛውና በሠላሳኛው ቀን ለሠራተኛውም ለቅርብ አለቃውም ደውሉ። ብዙ ጊዜ ለመልቀቅ ያሰበ ሰው ችግሩ የሰርቪስ መነሻ ቦታ ወይም የአንድ ተቆጣጣሪ አነጋገር ነው፤ በአንድ ስልክ የሚስተካከል።

ሠራተኛን በራሳቸው ስም ቀጥረው ለባንክ፣ ለሆቴል ወይም ለፋብሪካ የሚያሰማሩ ድርጅቶች ሌላም አደጋ አለባቸው፤ የገንዘብ ፍሰት። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። 100 ጥበቃዎችን በ4,000 ብር አሰማርታችኋል እንበል። የወሩ ደመወዝ 400,000 ብር ነው፤ የአሠሪው የጡረታ መዋጮ 11 በመቶ፣ ማለትም 44,000 ብር ይጨመርበታል። ደንበኛው ክፍያውን ሁለት ወር ቢያዘገይ 888,000 ብር ከኪሳችሁ መውጣት አለበት። አዲስ ውል በተፈረመ ቁጥር ይህ ሸክም ያድጋል። ለዚህ ነው በዚህ ዘርፍ አንድ ድርጅት ደንበኛ በማጣት ብቻ ሳይሆን ደንበኛ በማብዛትም ሊወድቅ የሚችለው። ደመወዝ ሲዘገይ ደግሞ የሚራበው ጥበቃው ነው እንጂ ባለ ድርጅቱ ወይም ባንኩ አይደለም። ስለዚህ የክፍያ ቀኑ በውሉ ሳይቆረጥ አንድ ሰው እንኳ አታሰማሩ። ደንበኛው የሚከፍለውና ሠራተኛው የሚደርሰው ገንዘብ ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነም ለሠራተኛው ግልጽ ይሁን። ሊነገር የማይችል ልዩነት ካለ ልዩነቱ ራሱ መታረም አለበት።

አሁን ወደ ማስተዋወቅ ልምጣ። ትልልቅ የሥራ ዐውደ ርእዮች ብዙ ሰው ይሰበስባሉ፤ የሚያስቀጥሩት ግን ጥቂት ነው። በአዲስ አበባ በጥናት መልክ በተካሄደ አንድ ዐውደ ርእይ የተገኘው ቅጥር ለ10 ተሳታፊ ድርጅቶች አንድ ያህል ብቻ ነበር፤ አሠሪውም ሥራ ፈላጊውም ይዘውት የመጡት ግምት ከገበያው የራቀ ሆኖ ተገኝቷል። እንግዲህ ከባነርና ከአዳራሽ ኪራይ በፊት ግምትን ማቀራረብ ይቀድማል። የተሻለው ማስተዋወቂያ አንድ ገጽ ወረቀት ነው፦ ባለፈው ዓመት ስንት ሰው አስቀጠርን፣ ስንቱ ሙከራውን አለፈ፣ ስንቱ ዓመት ቆየ። ይህን ወረቀት ይዞ የፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ዘንድ የሚገባ ሰው ስለ ራሱ ብዙ መናገር አያስፈልገውም። አበው «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላሉ፤ በዚህ ንግድ ስም ማለት የተመዘገበ ቁጥር ነው።

ስለ መስፋፋትም ቅደም ተከተል አለ። ሁሉን ዓይነት ሠራተኛ ከማቅረብ በአንድ ዘርፍ፣ ለምሳሌ በሆቴል ወይም በጭነት ትራንስፖርት፣ መታወቅ ይሻላል፤ ምዘናውም ምስክርነቱም በሙያ የሚለያይ ነውና። ከአዳማ ወደ ሞጆና ቢሾፍቱ፣ ከዚያም ወደ ባቱና ሻሸመኔ መሄድ የሚገባው አሠሪ በመገኘቱ ብቻ አይደለም። ሠራተኛው የሚመጣበትን ቀበሌ፣ የሙያ ማሠልጠኛ ኮሌጁን፣ የቤት ኪራዩን የሚያውቅ ሰው በቦታው ሲኖር ነው። ዋስ የማያውቀውን ሰው አይዋስም።

ይህ ሐሳብ ከሕጋችንም የራቀ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ሠራተኛ ወደ ውጭ የሚልክ ኤጀንሲ 100,000 የአሜሪካ ዶላር ወይም ተመጣጣኙን ብር በዋስትና እንዲያስይዝ ጠይቆ ነበር። በዓረብ አገራት እህቶቻችን የከፈሉት ዋጋ ሕግ አውጪውን ያስተማረው ይህንን ነው፤ አገናኝ ከአገናኘ በኋላም ተጠያቂ መሆን አለበት። ወደ ቤይሩት ወይም ወደ ሪያድ ለምትሄደው የተገባው ዋስትና ከመቂ ወደ አዳማ ለምትመጣው የማይገባበት ምክንያት አይታየኝም። ለእርስዋ ግን አስገዳጅ ማስያዣ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም፤ በቅንነት የተጻፈ ውልና በስድሳው ቀን ውስጥ የሚደወል ስልክ ይበቃል።

ተማሪዎቼ ሆይ፣ ነገ ይህን ሥራ የምትጀምሩት እናንተ ናችሁ። ቢሮ ከመከራየታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ መልሱ፦ ለዚህች ልጅ፣ ለዚህም አሠሪ፣ ዋስ እሆናለሁ ወይ? መልሳችሁ «አዎን» ከሆነ ሥራውን ጀምሩ።