ከበደሳ ሳንርቅ፤ ሦስት የመጸው ሽርሽሮች

ክረምቱ ወጥቶ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ ምድሪቱ ገና አረንጓዴ ልብሷን ሳታወልቅ የምትታይበት ወራት ምን ያህል አጭር እንደ ሆነ፣ አንባቢያን ሆይ፣ አስተውላችሁ ታውቃላችሁን? በአቆጣጠራችን መጸው የሚባለው ወቅት መስከረም 26 ቀን ገብቶ ታኅሣሥ 25 ቀን ይወጣል። በዚህ በጨርጨር አገር የሚኖረው የኦሮሞ ሕዝብ ከክረምት ቀጥሎ የሚመጣውን ወቅት «ብራ» ይለዋል፤ በአማርኛም ሰማዩ ሲጠራ «ብራ ሆነ» እንላለንና ቃሉ ለማናችንም እንግዳ አይደለም። በእነዚህ ሦስት ወራት ውስጥ የሚውሉት ቅዳሜዎች ቢቆጠሩ ዐሥራ ሦስት ቢሆኑ ነው። ባለፈው ዓመት ከእነርሱ ውስጥ ሦስቱን እንዴት እንዳሳለፍኋቸው ልንገራችሁ፤ ምናልባት እናንተም የዘንድሮዎቹን በከንቱ አታሳልፏቸው ይሆናል።

ይህን የምጽፍላችሁ ከበደሳ ነው። በደሳ በምዕራብ ሐረርጌ፣ ከጭሮ ወደ ገለምሶ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የቡና ከተማ ናት። ጭሮ ያልኋችሁም ብዙ ሰው እስከ ዛሬ አሰበ ተፈሪ እያለ የሚጠራት ከተማ ናት። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ በበደሳ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ጂኦግራፊ ማስተማር ከጀመርሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። የመጀመሪያዎቹን ጊዜያት ቅዳሜና እሑድን ያሳለፍሁት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደብተር በማረም፣ ቡና ቤት በመቀመጥና «በዚህ አገር ደግሞ ምን የሚታይ ነገር አለ?» እያልሁ ከባልደረቦቼ ጋር በማማረር ነበር። ደመወዝ የወጣ ሰሞን ቅዳሜን ሙሉ በአውቶቡስ ተቀምጠን አዲስ አበባ እንገባለን፤ እሑድን ሙሉ በአውቶቡስ ተቀምጠን እንመለሳለን። ሰኞ ጠዋት ዓይናችን በእንቅልፍ ቀልቶ ክፍል እንገባለን። ይህንንም ዕረፍት እንለው ነበር።

ከዚህ ልማድ ያላቀቀችኝ አንዲት ተማሪ ናት። በጥቅምት ወር ስለ ኖራ ድንጋይ ዋሻዎች ሳስተምር የውጭ አገር ዋሻዎችን ስም በሰሌዳው ላይ ደርድሬ ነበር። ከኋላ ወንበር የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣችና «መምህር፣ የመቻራው ዋሻም እንደዚህ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አዎን፣ እርሱም የኖራ ድንጋይ ዋሻ ነው» አልኋት።

«እርስዎ አይተውታል?»

ክፍሉ ጸጥ አለ። አላየሁትም ነበር። ከመጽሐፍ ያነበብሁትን በመናገር ልሸፍነው እችል ነበር፤ ነገር ግን የስድሳ ልጆች ዓይን ሲመለከተኝ መዋሸት አቃተኝና «አላየሁትም» አልሁ። ከዚያም እኔ በተራዬ ጠየቅኋቸው፤ «ከእናንተስ ያየ ማነው?» ሦስት እጆች ወጡ። አስተማሪውም ተማሪዎቹም የሩቁን ዓለም ዋሻ ስም በቃል ይዘው የጎረቤታቸውን አያውቁትም ማለት ነው። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ጫማዬን አጥብቄ ወጣሁ።

ለግማሽ ቀን፤ ኦዳ ቡልቱም

ዋሻው ማደር የሚጠይቅ ስለ ሆነ በቅርቡ ጀመርሁ። ከበደሳ ሳይርቅ ኦዳ ቡልቱም ይገኛል። ኦዳ በኦሮምኛ ሾላ ነው። የገዳ ሥርዓት ሸንጎ የሚሰበሰብባቸው የታወቁ የኦዳ ስፍራዎች አሉ፤ ኦዳ ነቤ፣ ኦዳ ሮባ፣ ኦዳ ቡሉቅ፣ ኦዳ ቢሲል የሚባሉትን ሰምታችሁ ይሆናል። ኦዳ ቡልቱም የኢቱ ኦሮሞ ሸንጎ ነው። ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ከአንዱ ገዳ ወደ ሌላው የሚተላለፍበት፣ ሕግ የሚታወጅበትና የተጣላ የሚታረቅበት ስፍራ ነበር። የገዳ ሥርዓት በ2009 ዓ. ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሲሰፍር ዜናውን በሬዲዮ የሰማን ሁሉ ደስ ብሎናል። ሆኖም ከቡና ቤቱ በረንዳ ተነሥቶ ወደ ኦዳ ቡልቱም የሄደ ከእኛ መካከል አንድም አልነበረም። ጭሮ ላይ የተከፈተው ዩኒቨርሲቲ ስሙን የወሰደው ከዚሁ ስፍራ ነው፤ ስሙን በየቀኑ እንጠራዋለን፤ ስፍራውን ግን አናውቀውም።

ጠዋት ወጥቶ ለምሳ መመለስ የሚቻልበት ጉዞ ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ የማሽላው ራስ ከብዶ ያዘነብላል፤ በየጓሮው ቡናው መቅላት ጀምሯል። የዚህ አገር ቡና በዓለም ገበያ የሚታወቀው የሐረር ቡና እየተባለ ነው፤ ፍሬው ሳይፈለፈል ከነልብሱ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፤ በኅዳር ወር በየደጁ ተሰጥቶ ታዩታላችሁ። ከስፍራው ስደርስ አንድ ሽማግሌ አገኘሁ። ሰላምታ ሰጥቼ አስተማሪ መሆኔን ብነግራቸው «ባርሲሳ፣ ደህና መጣህ» አሉኝ፤ ባርሲሳ በኦሮምኛ መምህር ማለት ነው። ከጥላው ሥር አስቀምጠውም «እዚህ ጥላ ሥር ቁጣ አይነሣም፤ የተቆጣ ሰው እስኪበርድለት ከውጭ ይቆያል» ብለው አጫወቱኝ። ይህን አንድ ቃል ከአዲስ አበባ ጉዞዎቼ ሁሉ አላገኘሁትም።

ለሁለት ቀን፤ የመቻራ ዋሻዎች

ከበደሳ ገለምሶን አልፎ ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚወስደው መንገድ መቻራ ያደርሳል። በመቻራ ዙሪያ ያለው ምድር ኖራ ድንጋይ ነው። የዝናብ ውኃ በስንጥቁ እየሰረገ፣ ድንጋዩን እየበላ፣ በብዙ ሺህ ዓመታት ውስጥ ዋሻዎችን ፈልፍሏል። አጨሬ፣ አይናጌና ሩኬሳ የሚባሉት በተመራማሪዎች ዘንድ የታወቁ ናቸው። ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ውኃ የያዘውን ኖራ እየተወ ከላይ እንደ ጡት የተንጠለጠለ፣ ከታች እንደ ሻማ የቆመ ድንጋይ ይሠራል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምድር ሊቃውንት ከውጭ አገር ባልደረቦቻቸው ጋር ከእነዚህ የቆሙ ድንጋዮች ናሙና ወስደው መርምረዋል። ድንጋዩ ሲቆረጥ በውስጡ እንደ ዛፍ ቀለበት ያለ ስስ ንጣፍ በንጣፍ ላይ ተነባብሮ ይታያል። ንጣፎቹን በመቁጠርና በመመርመር ባለፉት ሺህ ዓመታት ዝናቡ መቼ እንደ በዛ፣ መቼ እንደ አነሰ ለማንበብ ችለዋል።

እኔ ግን የመጀመሪያውን ጉዞ ያደረግሁት እንደ ሞኝ ነበር። ከአንድ ባልደረባዬ ጋር በስልካችን መብራት ብቻ ተማምነን ገባን። ገና ብዙ ሳንርቅ የእርሱ ስልክ ጠፋ፤ ጥቂት ቆይቶ የእኔም ደከመ። እንዲህ ያለ ጨለማ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም፤ እጄን ከዓይኔ ፊት ባደርገው አይታየኝም። በደጅ የቀሩት ገበሬ ድምፃችንን ሰምተው የባትሪ መብራት ይዘው ባይገቡ ኖሮ ምን እንሆን እንደ ነበር እንጃ። «ባርሲሳ፣ ጨለማን በስልክ አይገቡበትም» ብለው ሳቁብን።

ከዋሻው ወጥተን ሆጃ እየጠጣን (በቡና ገለፈትና በወተት የሚፈላውን መጠጥ ነው) የድንጋዩን ነገር ባጫውታቸው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «እንግዲያው የሰባ ሰባቱን ድርቅ ድንጋዩ ያውቀዋላ?» አሉኝ። የደረቁና የዘነበባቸው ዓመታት በድንጋዩ ላይ ምልክት እንደሚተዉ ነገርኋቸው። በ1977ቱ ረኃብ ታላቅ ወንድማቸውን ቀብረዋል። ተነሥተው ወደ ዋሻው በር ዞር ብለው ተመለከቱ፤ «ልጅ ሆነን ፍየል የምናሳድርበት ነበር፤ መዝገብ መሆኑን ማን ነግሮን?» አሉ። እኔም በሰሌዳ ላይ ያስተማርሁት ትምህርት ምን ማለት እንደ ሆነ የገባኝ ያን ዕለት ነው።

ለአንድ ቀን፤ የኩኒ ተራራ

ሦስተኛው ጉዞ ወደ ሰሜን፣ በጭሮ መንገድ ነው። ኩኒ በበደሳና በጭሮ መካከል የምትገኝ ቀዝቃዛ የደጋ ከተማ ናት። ከእርሷ በላይ ያለው ተራራ ኩኒ ሙክታር ተብሎ በ1980ዎቹ የደጋ አጋዘን መጠበቂያ ክልል ሆኖ ተከልሎ ነበር። የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም በየትም አይገኝም፤ የሚኖረውም ከስምጥ ሸለቆው በስተ ምሥራቅ ባሉት ደጋዎች፣ ይልቁንም በባሌ ተራሮች ነው። የሳይንስ ሰዎች ስም ሰጥተው የመዘገቡት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1910 ነው፤ ከአፍሪካ ትላልቅ የዱር እንስሳት መካከል ዘግይተው ከታወቁት አንዱ ነው። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ በ10 ሳንቲም ላይ ያለው እርሱ ነው።

በ1983 ዓ. ም. መንግሥት ሲለወጥ በብዙ የአገራችን የዱር እንስሳት መጠበቂያዎች እንደ ሆነው ሁሉ የኩኒም ጥበቃ ላላ። ደኑ ተጨፈጨፈ፤ አውሬውም ታደነ። ከወላጆቻቸው ፈቃድ ያገኙ ዐሥራ ሁለት ተማሪዎች ይዤ ጠዋት ተነሣን። ያች ጠያቂ ልጅም አብራን ነበረች። ከቡናው አገር ወደ ገብሱ አገር ስንወጣ ነፋሱ ቀዘቀዘ፤ ልጆቹ ነጠላቸውን ደረቡ። ከከፍታው ላይ ሆነን ስንመለከት የጨርጨር ሰንሰለት ተራራ አንዱ ከሌላው ኋላ እየሰማያዊ ሄዶ ከሰማዩ ጋር ይቀላቀላል። እንዲህ ያለ እይታ ለማየት ሰዎች ባሕር ተሻግረው ገንዘብ ይከፍላሉ።

አጋዘን ግን አላየንም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ በጽዱ መካከል በዝምታ ተቀመጥን፤ ኮቴም ቀንድም አልታየንም። የአገሩ ሰዎች ድሮ ከእርሻው ዳር ድረስ ይመጣ እንደ ነበር ነገሩን። ልጅቱ ከኪሷ ያረጀ የ10 ሳንቲም አወጣች፤ ለጨዋታ ያስቀመጠችው ነው። ጓደኞቿም እየተቀባበሉ ተመለከቱት። «መምህር፣ እኛ የምናየው በዚህ ላይ ብቻ ነው ማለት ነው?» አለችኝ።

አንባቢያን ሆይ፣ መልስ አልነበረኝም። ነገር ግን ስንወርድ በልቤ የተመላለሰው ነገር ይህ ነው። ደኑ ሲቆረጥ በበደሳም በጭሮም ሰው ነበረ፤ አስተማሪም ነበረ። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደዚያ ተራራ የሚወጣ፣ ዛፉን በስሙ የሚያውቅ፣ ባለፈው ዓመት ያየውን አጋዘን ዘንድሮ ሲያጣው «የት ሄደ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን ያን ጊዜ ጥቂት ነበረ መሰለኝ። ሰው ያላየውን አይወድም፤ ያልወደደውንም ሲያጣ አይታወቀውም። ሽርሽር የሥራ ፈት ነገር ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው።

ለመንገደኛ ጥቂት ምክር

በመጀመሪያ፣ ከመነሣታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም መሆን የአገሩን ሰው ጠይቁ። ባለፉት ዓመታት በልዩ ልዩ የአገራችን ክፍሎች ችግር ስለ ነበረ፣ አያፋጥነኝም ብሎ ሳይጠይቅ የሚሄድ ሰው ብልህ አይባልም። ሁለተኛ፣ ማልዳችሁ ተነሡ፤ ከሰዓት በኋላ ሚኒባስ ሊጠፋ ይችላል፤ የደጋው ብርድም ሲመሽ አያስቀምጥም። ሦስተኛ፣ ስንቃችሁን ያዙ፤ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ውኃና አንድ ፔርሙዝ ሻይ ይበቃል። አራተኛ፣ ወደ ዋሻ ያለ አገሩ ሰው መሪነት አትግቡ፤ ለእያንዳንዳችሁ መብራትና ትርፍ ባትሪ ይኑራችሁ፤ ዝናብ በጣለ ማግስትም አትግቡ። ከድንጋዩ ላይ ለመታሰቢያ ብላችሁ አንዲት ቁራጭ አትስበሩ፤ በሺህ ዓመት የተሠራው በአንድ መዶሻ ይጠፋልና። አምስተኛ፣ እንደ ኦዳ ቡልቱም ባለ ስፍራ ሽማግሌዎችን አስፈቅዱ፤ ፎቶግራፍ ከማንሣታችሁ በፊት ሰላምታ ስጡ።

እኔ የጻፍሁት ስለ በደሳ ነው፤ ምክሩ ግን ለሁሉም ነው። አዲስ አበባ የምትኖሩ ስንቶቻችሁ የመናገሻን ደን አይታችኋል? ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው አስተክለውታል እየተባለ የሚተረክለት ደን ከከተማችሁ ግማሽ ቀን አያስኬድም። በየከተማችን አጠገብ እንዲህ ያለ አንድ ተራራ፣ አንድ ምንጭ ወይም አንድ የጥንት ዛፍ አይጠፋም።

ዘንድሮ በጥቅምት ያንኑ የዋሻ ትምህርት ሳስተምር ሰሌዳው ላይ መጀመሪያ የጻፍሁት «አጨሬ» የሚለውን ነው። ያየ እጁን ያውጣ ብል ዐሥራ ዘጠኝ እጆች ወጡ። ኩኒን ያየ ብል ከዚያ በለጡ። አጋዘኑን ያየ ግን አሁንም የለም። ስለዚህ በኅዳር ወር ደግሞ እንወጣለን፤ በዚህ አቅጣጫ የምታልፉ ብትሆኑ ከእኛ ጋር ውጡ።