ውኃው ደርሶ ቃሉ ሳይደርስ

«ለድንቹ በየ7 ቀኑ 40 ሚሊ ሜትር ውኃ ይሰጥ፤ የቦዩ ፍሰት በሰከንድ 10 ሊትር ነው።»

ለመስኖ መሐንዲስ ይህ መልእክት ምንም አይጎድለውም። የአፈሩ ዓይነት፣ የሰብሉ ዕድሜ፣ የፀሐዩና የነፋሱ ሁኔታ ተሰልቶ የተገኘ ውጤት ነው። ተራው ደርሶ አካፋውን እንደያዘ ቦዩ ዳር ለቆመው አርሶ አደር ግን ዋናው ነገር አልተነገረውም። ውኃውን በስንት ሰዓት ከፍቶ በስንት ሰዓት ይዝጋ?

በሰሜን ጎጃም በመራዊ አቅራቢያ የሚገኘውን የቆጋ መስኖ ለአብነት እንውሰድ። ግድቡ ወደ 83 ሚሊዮን ኪዩቢክ ሜትር የሚጠጋ ውኃ እንዲይዝና 7 ሺህ ሔክታር ያህል መሬት እንዲያለማ ታስቦ የተሠራ ነው። ውኃው ከግድቡ ወጥቶ 20 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ዋና ቦይ ይጓዛል፤ ከዚያም በየደረጃው ባሉ ቦዮች እየተከፋፈለ ማሳ ይደርሳል። በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ ንድፉን የሠራው ባለሙያ ነው። የመጨረሻውን በር ከፍቶ የሚዘጋው ግን አርሶ አደሩ ነው። የባለሙያው ዕውቀት እርሱ ዘንድ በሚገባው ቋንቋ ካልደረሰ፣ የግድቡ ሥራ በመጨረሻዎቹ ጥቂት ሜትሮች ላይ ይባክናል።

ከሚሊ ሜትር ወደ ጀሪካን

የመሐንዲሱን መልእክት መመንዘር ከባድ አይደለም። አንድ ሚሊ ሜትር ውኃ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ማለት ነው። ስለዚህ ሩብ ሔክታር ወይም በአካባቢው አጠራር አንድ ቃዳ ማሳ 40 ሚሊ ሜትር ሲጠጣ 100 ሺህ ሊትር ውኃ ይፈልጋል። ይህም ባለ 20 ሊትር 5 ሺህ ጀሪካን ነው። በሰከንድ 10 ሊትር የሚፈስ ቦይ ደግሞ በየሁለት ሰከንዱ አንድ ጀሪካን ይሞላል። ለ5 ሺህ ጀሪካን 10 ሺህ ሰከንድ፣ ማለትም ከ2 ሰዓት ተኩል ትንሽ የሚበልጥ ጊዜ ያስፈልጋል።

ለአርሶ አደሩ መነገር ያለበት እንግዲህ ይህ ነው፦ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት ይክፈቱ፤ ለ5 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ዘግተው ለቀጣዩ ያስረክቡ።»

ልዩነቱ የአነጋገር ማሳመር ብቻ አይደለም። ሰዓቱ ያልተነገረው አርሶ አደር ማሳው ጥግብ እስኪል ብሎ እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ቢያቆይ፣ በአንድ ሰዓት ከሩብ ውስጥ 45 ሺህ ሊትር ወይም 2 ሺህ 250 ጀሪካን ውኃ ከቀጣዩ ጎረቤት ላይ ይወሰዳል። ይህ ለሌላ አንድ ቃዳ ከሚያስፈልገው ግማሽ ያህሉ ነው። በቦዩ መጨረሻ ያለው ማሳ ሲደርቅና ጎረቤት ከጎረቤት ሲጣላ፣ ምንጩ የውኃ እጥረት ብቻ ሳይሆን ያልተመነዘረ ቁጥርም ሊሆን ይችላል።

ጉዳቱ ውኃውን ያበዛውንም አርሶ አደር አይምርም። በ50 ኪሎ ግራም ዩሪያ ውስጥ 23 ኪሎ ግራሙ ናይትሮጂን ነው። ከልክ ያለፈ ውኃ ይህን ንጥረ ነገር ከሥሩ በታች ይዞት ይወርዳል። በውድ ዋጋ የተገዛው ማዳበሪያ ሰብሉን ሳይመግብ ይቀራል፤ ውኃ የተኛበት ድንችም ለመበስበስ ይጋለጣል።

ከትእዛዙ ጋር ምክንያቱ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላል አባባላችን። በመስኖ መንደሮች ከሚነገሩ መመሪያዎች አንዱ «ሌሊት በር መክፈት ክልክል ነው» የሚል ነው። ምክንያቱ ካልተነገረ ግን መመሪያው የቁጥጥር ፍላጎት ብቻ መስሎ ይታያል። ሌሊት ቦዩ ውስጥ ውኃ ሲሄድ የሚያይ ሰው «ከሚፈስ ማሳዬ ቢጠጣው ምን አለበት?» ቢል አያስገርምም።

እውነቱ ሌላ ነው። እንደ ቆጋ ባሉ ግንባታዎች ሌሊት የሚፈሰው ውኃ የሚጠራቀምበት ኩሬ አለ። ኩሬው ሌሊት ይሞላል፤ ቀን ደግሞ ከቦዩ ከሚመጣው ጋር ተደምሮ ለማሳዎች ይለቀቃል። አርሶ አደሩ በጨለማ ውኃ ሲመራ እንዳያድር የታሰበ ዘዴ ነው። ሌሊት አንድ በር ሲከፈት ኩሬው ጎድሎ ያድራል፤ በማግሥቱ ተረኛ የሆነው ሰው ድርሻው ይቀንሳል። ይህን ኩሬው ዳር ቆሞ እያሳየ የሚያስረዳ ባለሙያ ከሩቅ ክልከላ ከሚያስተላልፈው ይልቅ የመደመጥ ዕድል አለው።

ሦስት ቀለም

ቋንቋን ማቅለል ዕውቀትን ማሳነስ እንዳልሆነ የሚያሳይ ጥሩ ምሳሌም አለ። የአፈር እርጥበት በሳይንሱ የሚለካው ኪሎፓስካል በሚባል መለኪያ ነው። አውስትራሊያዊው የአፈር ተመራማሪ ሪቻርድ ስተርዘከር የተሳተፉበት «እስስት» የተሰኘ መሣሪያ ግን ይህን ቁጥር በሦስት ቀለም ይናገራል። ሰማያዊ ሲበራ አፈሩ እርጥብ ነው፤ አረንጓዴ ሲሆን መካከለኛ ነው፤ ቀይ ሲሆን ደርቋል። ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰውም ይረዳዋል።

ከእርሱ የቀደመው የስተርዘከር መሣሪያ ደግሞ አፈር ውስጥ የሚቀበር ሲሆን፣ ውኃው ወደ ታች ወርዶ ሲደርስበት ከላይ ምልክት ብቅ ያደርጋል። ምልክቱ ሲታይ «ይበቃል» ማለት ነው። ይህ መሣሪያ በቆጋም በተመራማሪዎችና በአርሶ አደሮች ተሞክሯል። ሁለቱም የተራቀቀ ስሌት በውስጣቸው ይዘው ለተጠቃሚው ውሳኔውን ብቻ ይነግሩታል። መሣሪያው በሌለበት ቦታም ባለሙያው በበሩ ላይ ቀይ መስመር ቀብቶ «ውኃው ከዚህ እንዳያልፍ» ቢል ሥራው ተመሳሳይ ነው።

«ገባችሁ?» አይበቃም

ከስብሰባ በኋላ «ገባችሁ?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «አዎ» ነው። ይሉኝታ አለ፤ ባለሙያውን ማክበርም አለ። ስለዚህ የተሻለው ጥያቄ «እርስዎ ነገ በስንት ሰዓት ይከፍታሉ? ሲጨርሱስ ለማን ያስረክባሉ?» የሚለው ነው። መልሱ ትክክል ካልሆነ ጉድለቱ የአድማጩ ሳይሆን የተናጋሪው ነው፤ እንደገና ማስረዳት ይገባዋል።

ማን እንደተሰበሰበም መታየት አለበት። በስብሰባው የተገኘው ባለ መሬቱ፣ ውኃውን የሚመራው ደግሞ የእኩል አራሹ ወይም ልጁ ሊሆን ይችላል። እማወራዎችም ውኃ ሲመሩ ውለው ስብሰባው ላይ ላይገኙ ይችላሉ። መልእክቱ መድረስ ያለበት አካፋ የያዘው ሰው ዘንድ ነው።

ንግግሩ ባለ ሁለት መንገድ ነው። የትኛው ማሳ ከቦዩ ከፍ እንደሚል፣ የትኛው አፈር ቶሎ እንደሚደርቅ፣ የትኛው በር እንደሚያፈስ ከመሐንዲሱ ካርታ በፊት የሚያውቀው አርሶ አደሩ ነው። በባህላዊ መስኖ ተራ ሲያከፋፍሉ የኖሩት የውኃ አባቶች ልምድም ለንድፉ ግብዓት ይሆናል።

በጽሑፍ ሲሆን

ባለሙያው ለጽሕፈት ቤት የሚጽፈው ሪፖርትም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «የቦዩ የማስተላለፍ አቅም ቀንሶ ተገኝቷል» የሚል ዓረፍተ ነገር ማንንም ከወንበሩ አያስነሳም። «ደለሉ እስከ ኅዳር 15 ካልተጠረገ በቦዩ መጨረሻ ያሉ ማሳዎች ውኃ አይደርሳቸውም» የሚለው ግን ሥራውን፣ ቀኑንና ጉዳቱን በአንድ ላይ ይዟል። ይህ ዓረፍተ ነገር ከሪፖርቱ መጨረሻ ሳይሆን ከመጀመሪያው ገጽ ላይ መቀመጥ አለበት።

ቀንና ሰዓትም ያሳስታሉ። በፈረንጆቹ ኖቬምበር 15 የተባለው ኅዳር 15 ተብሎ ቢተረጎም 9 ወይም 10 ቀን ይዘገያል። በመመሪያ ላይ 8 ሰዓት ተብሎ የተጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ከሆነ በእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። የትኛው እንደሆነ ካልተጻፈ ተራው የተዛባበት አርሶ አደር ጥፋት የለበትም።

የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት በአዋጅ ቁጥር 841/2006 ሕጋዊ መሠረት አግኝተዋል። ማኅበራቱ ውኃውን በአግባቡ ማስተዳደር የሚችሉት ግን አሠራሩ ሲገባቸው ነው። በመሆኑም ዘንድሮ ቦይ ሲጠረግና የተራ ሰሌዳ ሲዘጋጅ፣ ባለሙያዎች ከሊትሩ ጎን ሰዓቱን፣ ከትእዛዙ ጎን ምክንያቱን ሊጽፉበት ይገባል። በቦዩ መጨረሻ ተራውን የሚጠብቀው አርሶ አደር ድርሻ የሚወሰነው ከግድቡ ስፋት ባልተናነሰ ከእርሱ በላይ ያለው ጎረቤቱ መቼ መዝጋት እንዳለበት በማወቁ ነው።