ሳይታተም የሚገዛ ልብ ወለድ

ፍኖተ ሰላም፦ ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ባያሳትሙ ኖሮ የጎጃም ኑሮ በዚያ መልክ ለመላው ኢትዮጵያ አንባቢ ባልደረሰ ነበር። ዛሬም ረቂቁን ይዞ ወደ ማተሚያ ቤት የሚሄድ ጀማሪ ደራሲ አስቀድሞ የሚጠየቀው ገንዘብ ነው።

በሌላው ዓለም ለዚህ የተገኘው አንዱ መላ የአንባቢያን ቃል መግባት ነው። ደራሲው የኅትመቱን ወጪና የመጨረሻውን ቀን ያስታውቃል፤ አንባቢዎች መጽሐፉን አስቀድመው ለመግዛት ይመዘገባሉ። ለምሳሌ ኅትመቱ 200 ሺህ ብር ቢጠይቅ፣ እያንዳንዳቸው 400 ብር የሚከፍሉ 500 ሰዎች ይበቃሉ። በተለመደው አሠራር ገንዘቡ በቀኑ ካልሞላ ማንም አይከፍልም። መላው አዲስ አይደለም፤ እንግሊዛዊው ባለቅኔ አሌክሳንደር ፖፕ የሆሜርን «ኢሊያድ» ተርጉሞ ከ1715 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያሳተመው አስቀድመው በተመዘገቡ ገዢዎች ነበር።

በ2014 እ.ኤ.አ. በአንባቢዎች መዋጮ የታተመው የፖል ኪንግስኖርዝ ልብ ወለድ «ዘ ዌክ» ለቡከር ሽልማት በቀዳሚው የዕጩዎች ዝርዝር ገብቷል። መዋጮውን ያሰባሰበው የብሪታንያ አሳታሚ አንባውንድ ግን በ2025 ከሰረ፤ ክፍያቸውን ያልተቀበሉ ደራሲዎችም ነበሩ።

በእኛ አካባቢ ገንዘቡን በቴሌብር መላክ ቀላል ነው። የሚያሳስበው መጽሐፉ ባይወጣ ማን ይመልሳል የሚለው ነው። ዕቁብ የሚጥል ሁሉ ዳኛና ዋስ ለምን እንደሚያስፈልጉ ያውቃል፤ የመጽሐፍ መዋጮም ከደራሲው ሌላ ጠባቂና የመመለሻ ቀን የተጻፈበት ውል ይሻል። የመክፈያው ጊዜም ይታሰብበት፤ በሐምሌ ቃል የገባ የቡሬ በርበሬ አምራች ምርቱን ሳይሸጥ ከየት አምጥቶ ይከፍላል?